አንድ ያየኸውን ተናገር፦ የፊልም ክበባችን የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

ደብረ ማርቆስ ያለው የትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። በመስከረም 34 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ እንገናኛለን። መጋረጃው ጥቁር ስለሆነ ክፍሉ ደህና ይጨልማል። ድምፅ ማጉያውን ሚኒ ሚዲያዎች ያውሱናል። ሸራችን ከአቡጀዲ የተሰፋ ነው። የሰፉልን የአንዲት ተማሪያችን እናት ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን።

ስለ መጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ብዙ አልጽፍም። አጫጭር ፊልሞች አየን፤ በስልክ ቀረጻም ሞከርን። ልቤ ያለው ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ባደረግነው ዓመታዊ የፊልም ሳምንት ላይ ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ አንድ ሕጋችን ልንገራችሁ። አምና ፊልም አይተን ስንጨርስ «እንዴት ነበር?» እላለሁ። «አሪፍ ነው ቲቸር!» ይሉኛል። «ምኑ?» ስል ዝም ይላሉ። ነገሩ ያሳስበኝ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ «አሪፍ ነው»ንም «ይደብራል»ንም ከለከልን። እያንዳንዱ ሰው ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። እጅ ይሁን፣ በር ይሁን፣ ድምፅ ይሁን፣ ያየውን ብቻ። መጀመሪያ ከበዳቸው። ከጥር ወዲህ ግን እኔ ያላየሁትን እያዩ ያስገርሙኝ ጀመር።

ሰኞ የከፈትነው «የሰማይ ልጆች» በተባለው የኢራን ፊልም ነው። ማጂድ ማጂዲ በ1997 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። አንድ ልጅ የእህቱን ጫማ አስጠግኖ ሲመለስ ይጠፋበታል። ቤታቸው ድሃ ስለሆነ ለአባታቸው መናገር ፈሩ። በአንድ ጫማ ሁለቱ ይማሩ ጀመር። እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። እሷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ጫማ ይለዋወጣሉ፣ እሱ ደግሞ እየሮጠ ይሄዳል።

ቋንቋው ፋርስኛ፣ ከታች ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር እየተረጎሙ እንዲነግሩን ለምነናቸው ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እንደተረጎሙ ከፊት የተቀመጡት ልጆች «ይተዉት ቲቸር፣ ገብቶናል» አሏቸው። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለእኛ ልጆች ማን ይተረጉምላቸዋል?

መጨረሻ ላይ ልጁ ሩጫ ይወዳደራል። የሚፈልገው ሦስተኛ መውጣት ነው፤ የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ነዋ። አንደኛ ወጣ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለ፦ «ፎቶ ሲያነሡት አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል፣ እሱ ብቻ አልቅሷል።» ከዚህ የተሻለ ነገር እኔም አልነበረኝም።

ማክሰኞ «ላምብ»ን አየን። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2007 ዓ.ም. በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ሩቅ ካሉ ዘመዶች ዘንድ አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ከቤቱ የቀረችው ነገር ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ግማሽ ያህሉ የደብረ ማርቆስ ልጆች አይደሉም። በዙሪያው ካሉ ወረዳዎች፣ ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ መጥተው ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዓርብ በእግራቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ። እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ወንዶቹም ወጥ ይሠራሉ። ኤፍሬም ምግብ መሥራት የሚወድ ልጅ ነው። ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል፤ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ያጠራቅማል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር መዋሉን አይወድለትም። ይሄ ሲመጣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነበር። ከኋላ አንዱ «ኑሮ ያስተምርሃል፣ አይዞህ!» ብሎ ጮኸ።

መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አርባ ደቂቃ ቆየ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። በጨለማ ውስጥ ክርክር ተጀመረ። አጎትየው በጓን ያርዳታል ወይስ አያርዳትም? አብዛኞቹ ያርዳታል አሉ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንት ከምናምን ነው፤ ሁሉም በግ በልቶ የመጣ ነው። ከዚያ ዝምተኛ የሆነ አንድ የስናን ልጅ ተናገረ። ፊቱ አይታየንም ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለ ያሳደጋት በግ እንደነበረችው፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ተብላ ረቡዕ ገበያ እንደተሸጠች አወራን። ገመዷን የያዘው ራሱ ነበር። «ገዢው ገመዱን ሲቀበለኝ በጓ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ ግን በክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። መብራቱ ሲመጣ ጥቂት ልጆች ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ተራራው በጣም አምሮ መታየቱ አንዳንዴ ከልጁ ሐዘን ያርቀኛል፤ ይህን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። አልተስማሙም። «ቲቸር፣ እኛም አገር እኮ ያምራል፤ ርሃብ ግን አለ» አለችኝ አንዷ። መልስ አላገኘሁላትም።

ረቡዕ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መረጥኩ። መምህራን ጓደኞቼ «ልጆቹን ታስተኛቸዋለህ» ብለውኝ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኃይሌ ገና በአሜሪካ የፊልም ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ክረምት መጥቶ በሁለት ሳምንት ያህል ቀረጸው። ያ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ የተቃረቡበት ክረምት ነው። ተዋንያኑም ባለሙያዎች አልነበሩም። የሚተርከው በአንድ ባለርስት ሥር ስለሚኖር የጭሰኛ ቤተሰብ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስምንት ልጆች ወጡ። አልያዝኳቸውም። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ ፊልሙ ውስጥ ገቡ። እንዲገቡ የረዳቸው እኔ አይደለሁም። ልጆቹ ሁሉ «አባባ» የሚሏቸው ዘበኛችን በሩን ከፈት አድርገው ቆመው ያዩ ነበር። በሬ ሲጠመድ ሳያስቡት «ሃ! በል!» አሉ። ልጆቹ ዞረው አዩአቸውና ወንበር ሰጧቸው።

ውይይቱ ሲጀመር አባባም በሕጋችን መሠረት ያዩትን አንድ ነገር እንዲናገሩ ተጠየቁ። «ጌታው ሲቆጣ ገበሬው አንገቱን ደፋ። እሱን አየሁ» አሉ። ቀጠሉና «እኛ ጋ ግን እንዲህ አልነበረም። ጎጃም መሬቱ ርስት ነበር። ቀላድ ሊጥሉብን ነው ሲባል አባቴ ምንሽሩን አንሥቶ ጫካ ገባ» አሉ። ልጆቹ ቀላድ ምን እንደሆነ አያውቁም። መሬት የሚለካበት ገመድ መሆኑን እሳቸው በክንዳቸው እየለኩ አስረዷቸው። ነገሩ የሆነው በ1960 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ ግብሩን ተከትሎ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ አመፀ፤ በሞጣና በቢቸና በኩል በርትቶ ነበር። ጦር ዘመተበት። በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ። አባባ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። እናታቸው በሌሊት ስንቅ እየያዙ ወደ ጫካ ሲወጡ ያስታውሳሉ።

ከቤተ ሙከራው ስንወጣ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄን ለምን እኛ አንቀርጸውም?» አለኝ። በሰኔ፣ ከፈተና በኋላ፣ አባባን በስልክ ቀረጽናቸው። ድምፁ ነፋስ አለበት። ክበባችን እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ የምኮራበት ግን እሱ ነው።

የመጨረሻው «ድፍረት» ነበር። መጀመሪያ ለዓርብ አስበነው ነበር። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ልጆች «ዓርብ የገጠር ልጆች ይሄዳሉ፤ ማየት ያለባቸው ደግሞ እነሱ ናቸው» አሉን። ልክ ነበሩ፤ ወደ ሐሙስ አመጣነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በ1989 ዓ.ም. በእውነት ከሆነ ነገር የተነሣ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ወንዶች ትጠለፋለች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተከራክራ ነፃ ታወጣታለች። ልጆቹ የጠበቃዋን ስም ሲሰሙ ተንሾካሾኩ። በጥቅምት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በዜና አይተዋቸዋል።

ለእኔ ከከተማው ክፍል ይልቅ የገጠሩ ይበልጥብኛል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስለ ልጅቷ ሲመክሩ ረጅም ትዕይንት አለ። አንድ ወንድ ተማሪ «ስለ እሷ ነው የሚያወሩት፣ እሷ ግን የለችም» አለ። ይህን ከወንድ አፍ በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ተራው ከአነደድ የመጣች አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆነ። ቆማ ትንሽ ዝም አለች። «ፈረሶቹን አየሁ» አለች። «እኛ አገር ፈረስ ለሠርግ ነው የሚመጣ፣ ለለቅሶ ነው የሚመጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሠርገኞች ናቸው እል ነበር። እስኪደርሱብኝ ቆሜ አያቸው ነበር።» ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ልጅ እጇን ያዘቻት።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ልጆቹ ለስንቅ ወደ ቤታቸው ሲወጡ በሩ አካባቢ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ አንድ ሁለት እያሉ ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው እየተጠባበቁ ነበር። «የአነደድ አለቁ?» «አንዷ ቀርታለች፣ ደብተር ልትመልስ ገብታለች።» አባባ በሩን በእጃቸው ይዘው፣ ሳይዘጉ፣ ቆመው ጠበቋት።