ግልጽ ደብዳቤ፦ የመቀሱ ማጠቢያ ከወለሉ ማጠቢያ ይለይልን

ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ
ለምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ

ጉዳዩ፦ የሕክምና መሣሪያ ማጠቢያ ግዥን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጎጃም ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የምጠግን ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሳሙና ነው። “ለሳሙናም ደብዳቤ ይጻፋል?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

በምሠራበት ተቋም የዓመቱ የግዥ ፍላጎት ሲሰበሰብ በረኪና፣ ኦሞ፣ መወልወያና የእጅ ሳሙና ሁሉም “የጽዳት ዕቃ” ተብለው አንድ ላይ ይገባሉ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ርካሹ ያሸንፋል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ ዕቃው ግምጃ ቤት ይገባል። ከዚያ ከመጣው በረኪና ግማሹ ወደ ሽንት ቤት፣ ግማሹ ወደ ማምከኛ ክፍል ይሄዳል። ሕግ የጣሰ ሰው የለም፤ ኦዲተር ቢመጣም የሚያገኘው ነገር የለም። መቀሱ ግን ይዝጋል።

“የማይዝግ ብረት አይደለም እንዴ?” ይሉኛል። የማይዝገው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለውና ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው። በረኪና ያንን ሽፋን ይበሳዋል። በኖርማል ሳላይን (በሕክምና ጨው ውሃ) መዘፍዘፍም እንዲሁ ነው። በሽቦ መፈተግ ደግሞ ሽፋኑን ይቧጭረዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከማጠፊያው ነው፣ ፈሳሹ እዚያ ውስጥ ስለሚቀር። ከዚያ መቀሱ አልከፈት ይላል፣ የፎርሴፕሱ (የመቆንጠጫው) ጥርስ አልገጥም ይላል፤ መጨረሻው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ተበስቶ የተቦረቦረ ብረት ጥገና አይመልሰውም።

እባካችሁ አዋላጆቹና ነርሶቹ ላይ አትፍረዱ። ያገለገለውን መሣሪያ በ0.5 በመቶ በረኪና ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ ተብለው ነው የተማሩት። ለብዙ ዓመታት ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት በፀረ ተዋሲያን ኬሚካል እንዳይዘፈዘፍ አሳስቧል። በረኪናው ብረቱን ከመብላቱም በላይ ደምና ቆሻሻ ሲያገኝ ራሱ ይደክማል። መጀመሪያ መታጠብ ነው፤ ማምከን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያልታጠበ መሣሪያ ኦቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ በ121 ዲግሪ ቢቀመጥም እንፋሎቱ ከደረቀው ደም በታች ላይደርስ ይችላል።

ታዲያ በምን ይታጠብ? ለመሣሪያ ተብሎ በተሠራ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) 7 አካባቢ፣ ማለትም መካከለኛ በሆነ፣ አረፋው ጥቂት በሆነ ማጠቢያ። ኤንዛይም ያለበት ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ አንዱ ኤንዛይም የደሙን ፕሮቲን ይሰብራል፣ ሌላው ስቡን። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በጣም ከሞቀ ደሙ እንደ እንቁላል ይረጋና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። እኛ ሰዎች አረፋ ካላየን የታጠበ አይመስለንም። ባልዲ ውስጥ ግን አረፋ የሚያደርገው ስለቱን መደበቅ ነው፤ እጅ የሚቆረጠውም ያኔ ነው። ኦሞ ለልብስ ይሁን። በጣም አልካላይን (ፒኤቹ ከ7 በጣም ከፍ ያለ) የሆነው ማጠቢያ ደግሞ አሉሚኒየም ያለበትን ዕቃ ይጎዳል፤ ስለዚህ “ኃይለኛ ነው” የሚል ማስታወቂያ አያታልለን።

ዋጋው እንደሚያከራክር አውቃለሁ። ጀሪካን ለጀሪካን ካወዳደራችሁት በረኪናው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ግን የኤንዛይሙ ማጠቢያ ለአንድ ሊትር ውሃ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። በባልዲ አስሉት። ከዚያ በዓመት የሚጣሉትን መቀሶችና የማዋለጃ መሣሪያ ስብስቦች ደምሩበት።

ማይክሮስኮፑንም ሳላነሳ አላልፍም። በዓባይ ሸለቆ ቆላ አካባቢዎች ለወባ ምርመራ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለምርመራ ተብሎ ሌንሱን የሚነካው ዘይት በጎዝ ሲጠረግ፣ አንዳንዴም በአሴቶን ሲታሸት አያለሁ። ጎዙ መስተዋቱን ይጭረዋል፤ አሴቶኑ የሌንሱን ማጣበቂያና ፕላስቲኩን ያሟሟል። መፍትሔው የሌንስ ወረቀትና አምራቹ የፈቀደው ጥቂት ፈሳሽ ነው። የሌንስ ወረቀት ውድ ነገር አይደለም። የሚጠፋው በየትኛው የግዥ ዝርዝር እንደሚገባ ስለማይታወቅ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለው በጀት ዓመት የግዥ ዕቅድ ሳይጸድቅ የመሣሪያ ማጠቢያ ከጽዳት ዕቃ ወጥቶ በሕክምና ግብዓት ሥር ይግባ። ዝርዝር መግለጫውን ግዥ ክፍል ብቻውን አይጻፈው፤ የማምከኛ ክፍል ሠራተኛና የባዮሜዲካል ባለሙያ አብረው ይፈርሙበት። ፒኤቹ፣ የአረፋው መጠን፣ የመበጥበጫው ልክ፣ ለየትኛው ብረት እንደሚሆን ይጻፍ። መለያው ላይ ይህ ያልተገለጸ ዕቃ ቢረክስም አይገባ። በረኪናው ደግሞ ለወለሉና ለፈሰሰ ደም ይቀጥል፤ እዚያ ሥራውን ያውቃል። ብቻ ዝገት ላስለቅቅ ብሎ ከአሲድ ጋር የሚቀላቅለው ሰው እንዳይኖር አስጠንቅቁልን፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሁሉንም ጤና ጣቢያ ባንድ ጊዜ ማዳረስ ካልተቻለ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ጀምሩት። መግለጫውን ለማርቀቅ ሰው ካነሰ እኔ አለሁ፤ አበልም አልጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር