እንዶድ ከደናችን ዳርቻ ሳይጠፋ፦ ለጋራ ችግኝ ጣቢያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በውጭ አገር የምትኖሩ ተወላጆቻችን፣ እንዲሁም የደን ወዳጆች ሁሉ፤

በደቡብ ጎንደር፣ ከርብ ወንዝ ገባሮች በአንዱ ዳር በምትገኘው ቀበሌያችን፣ ወይራና ጥድ ይበዛበት የነበረው ደረቅ ደን ዛሬ የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያና ለእርሻ በማይመቹ ገደላገደሎች ላይ ብቻ ነው። በዚህ ደን ዳርቻና በአሮጌ አጥሮች ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው እንዶድም ከደኑ ጋር አብሮ እየሳሳ በመሄድ ላይ ይገኛል። የቀሩትን የእንዶድ እናት ተክሎች ለማዳን፣ ከእነርሱም ቁራጭ ወስዶ በጋራ ችግኝ ጣቢያ ለማባዛት፣ በመጨረሻም በየአጥሩና በየወንዙ ዳር መልሶ ለመትከል ማኅበራችን ሥራ ጀምሯል፤ ሥራውን ከዳር ለማድረስ የእናንተ እጅ ያስፈልጋል።

እንዶድ የአገራችን ነባር ተክል ነው። ግንዱ ከሥሩ እንጨት ሆኖ ይጠነክራል፤ ቅርንጫፎቹ ግን ባገኙት ዛፍ ላይ እየተንጠላጠሉ እስከ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማሉ። ወንዴውና ሴቴው ተለያይተው በየራሳቸው ተክል ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ይህ ነገር ለሥራችን ትልቅ ትርጉም አለው። አጥሩን የሚመነጥር ሰው የሚቆርጠው ወንዴውን ይሁን ሴቴዋን አይለይም፤ ከዘር የሚበቅለው ችግኝም የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አብቦ ሲታይ ነው። በፍሬያማነታቸው ከታወቁ ሴቴ ተክሎች ቁራጭ እየወሰዱ ማራባት፣ ለአበባው ብናኝ የሚሆኑ ጥቂት ወንዴዎችንም በመካከላቸው ማቆየት የሚሻለው ስለዚህ ነው። የትኛዋ እንዶድ በየዓመቱ ዘለላዋ እስኪጎብጥ እንደምታፈራ በእርግጠኝነት የሚነግሩን ደግሞ ልብስ ሲያጥቡባት የኖሩ አረጋውያን እናቶቻችን ናቸው። እውቀታቸው ያለ እነርሱ የማይገኝ በመሆኑ ተክሎቹን እየዞሩ ለሚያሳዩን እናቶች የውሎ አበል እንዲከፈላቸው በዕቅዱ ውስጥ አካተናል፤ ይህም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ሙያ ክፍያ እንዲታይልን እንፈልጋለን።

እንዶድ የተጎዳው በደን ጭፍጨፋ ብቻ አይደለም። ነጠላውና ጋቢው በእንዶድ በሚታጠብበት ዘመን እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጠባቂ ነበረው፤ ፍሬው ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ በየቤቱ ይቀመጥ ነበር። የፋብሪካ ሳሙና ሲመጣ ሴቶቻችን ከመልቀምና ከመውቀጥ ድካም አርፈዋል፤ ይህም መልካም ሆነ እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ተክሉ ፈላጊ በማጣቱ የአጋምና የቀጋው አጥር በባሕር ዛፍና በሽቦ ሲተካ ስለ እንዶዱ የተከራከረ ሰው አልነበረም።

ይህንን ተክል ለዓለም ያስተዋወቀው ከወንዝ ዳር የተገኘ ምልከታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ በመሆኑ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በአድዋ በተካሄደው ጥናት እንዶድ በወንዞቹ ውስጥ በጥንቃቄ ሲጨመር ቆይቶ፣ በከተማው ሕዝብ መካከል የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ63 ከመቶ ወደ 33 ከመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት መካከል ደግሞ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ ብሏል። የሕፃናቱ ቁጥር ከሁሉም በላይ የሚናገር ይመስለናል፤ ከጥናቱ በፊት በሽታው ያልያዛቸው ትንንሽ ልጆች ውሃው ሲጸዳ ጤናቸው ተጠብቆ አድገዋልና።

ከዶክተር አክሊሉ ጋር የሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ተክለው ሲያነጻጽሩ ሁሉም እኩል እንዳልሆኑ፣ አንዳንዱ በፍሬው ብዛትና በኃይሉ ከሌላው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በቁጥር 44 የሚታወቀው ዓይነት የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። በእኛ ገደላገደሎች ላይ የቀሩት እንዶዶች ለወደፊት ተመራማሪ ምን ይዘው እንደሚጠብቁ ሊታወቅ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ሳይቆረጡ ከቆዩ ነው። ጥቂት ቁራጭ ብቻ ከአንድ ተክል አባዝተን መንደሩን በሙሉ ከመሸፈን ይልቅ ከተለያየ ቦታ ብዙ እናት ተክሎችን እንድንሰበስብ የወሰንነው ይህንን በማሰብ ነው።

የቢልሃርዚያ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በጣና ዙሪያና ወደ ሐይቁ በሚፈሱ ወንዞች አካባቢ በሽታው እንዳለ የታወቀ ነው። ልጆቻችን ከብት ሲያጠጡ፣ ሲዋኙና በመስኖ ቦይ ውስጥ ሲረማመዱ ከቀንድ አውጣው የወጣው የትል እጭ ቆዳቸውን በስቶ ይገባል፤ አድጎም እንቁላሉን በአንጀትና በጉበት ውስጥ እያኖረ ለዓመታት ይጎዳቸዋል። በትምህርት ቤት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የዋጠው ልጅ ወደዚያው ውሃ ሲመለስ በድጋሚ ይያዛል። እንዶድ መድኃኒቱንም ሆነ መጸዳጃ ቤትን አይተካም፤ በእነርሱ ላይ ሲታከል ግን ሥራቸውን ያግዛል።

ዝግጅቱ በመንደር አቅም የሚሠራ ነው። አረንጓዴው ፍሬ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሳፖኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ገዳይ መልኩ ስለሚለውጡት፣ በፈላ ውሃ ማዘጋጀት ኢንዛይሞቹን ገድሎ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ወደ ወንዝ የገባው እንዶድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚፈራርስም በውሃው ውስጥ ተከማችቶ አይቀርም።

ከዚህ ጋር በግልጽ መናገር ያለብን ነገር አለ። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫን በጣም ያቃጥላል። በመሆኑም የወረዳው የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይገኙ አንድም ጊዜ ወደ ውሃ አይጨመርም፤ ዓሣ በሚረባበትና ከብት በሚጠጣበት ውሃም ሆነ በሐይቁ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። እንዶድን ለሆድ ትል ወይም ፅንስ ለማስወረድ ብሎ መጠጣት ሕይወት የሚያጠፋ ልማድ ስለሆነ፣ ከችግኙ ጋር ይህንን ማስጠንቀቂያ በየቤቱ እናደርሳለን።

እስካሁን የተሠራው ይህ ነው። የቀበሌው ነዋሪ በስብሰባ ተስማምቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጋር የሚዋሰን፣ አፈሩ የታጠበ ግማሽ ሄክታር ተዳፋት ለእናት ተክሎቹ ጥብቅ ቦታ እንዲሆን ሰጥቷል። ሰበካ ጉባኤውም ከቅጥሩ ዳርቻ ቁራጭ እንድንወስድ ፈቅዶልናል፤ ለዚህም ከልብ እናመሰግናለን። ጉድጓድ መቆፈር፣ ካስማ ማቅረብና ብስባሽ ማዘጋጀት የነዋሪው ድርሻ ሆኖ በየጎጡ ተከፋፍሏል። ነዋሪው በጉልበቱ ሊሸፍነው የማይችለው ግን በገንዘብ የሚገዛው ነው፦ ለአጥር የሚሆን ሽቦ፣ በበጋ ወራት ለችግኞቹ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ፣ የችግኝ ፕላስቲክ፣ ዶማና አካፋ፣ የፍሬ ማድረቂያ ወንፊት፣ የእናቶች አበልና ለሦስት ዓመት የሚቆይ የዘበኛ ደመወዝ። ለሦስቱ ዓመታት በጠቅላላ 640 ሺህ ብር ያስፈልጋል። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘበኛው ደመወዝ ነው። ይህንን ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ በአገራችን በክረምት ተተክሎ በበጋ ጠባቂ በማጣት በፍየል የተበላ ችግኝ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የሚሰበሰበው ገንዘብ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። ወጪ የሚደረገው ሦስት ሰዎች ሲፈርሙ ሲሆን፣ አንዷ የሴቶች ተወካይ፣ አንዱ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ሌላው የሰበካ ጉባኤው አባል ናቸው። የገቢና ወጪ መግለጫው በየስድስት ወሩ በነዋሪው ፊት ይነበባል፤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፋል፤ በውጭ ለምትኖሩ ደግሞ ከችግኞቹ ፎቶግራፍ ጋር ይላክላችኋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ወይም ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ማግኘት ይቻላል። ትንሽ ነው ብላችሁ የምታፍሩበት መዋጮ እንዳይኖር አደራ እንላለን፤ የአንድ ሰው የአንድ ወር የቡና ወጪ ለብዙ ችግኞች ፕላስቲክ ይገዛል።

ገንዘብ ለማዋጣት የማትችሉም በሌላ መንገድ ልትረዱን ትችላላችሁ። በአያቶቻችሁ ይዞታ፣ በድሮ አጥር ወይም በገደል አፋፍ ላይ የቆመ እንዶድ የምታውቁ ሁሉ ቦታውን ንገሩን፤ ምልክት እስክናደርግበትም እንዳይቆረጥ ለቤተሰቦቻችሁ ደውላችሁ አሳስቡልን። ቁራጮቹ በየካቲት ወር በችግኝ ጣቢያው መደብ ላይ መተከል፣ ሥር የያዙትም በሐምሌ ዝናብ ወደ ቋሚ ቦታቸው መሄድ ስላለባቸው፣ የመጀመሪያው ዙር መዋጮ እስከ ጥር 30 ቀን ድረስ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።