ለወንድሜ፣ ከለንደን

ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ፣ እማማስ ደህና ናቸው? በጣም ተጠፋፋን እኮ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ዲን ሆነህ መሾምህን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ከዛ ወዲህ ስለ ኮሌጅ ቁጥጥር አንድ ነገር ልጽፍልህ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።

እኔ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ኢሶል ነው የማስተምረው፣ ማለት እንግሊዝኛ ለስደተኛው፣ ሐበሻም ከክፍሌ አይጠፋም። የእንግሊዝ ኮሌጆች በፈረንጅ ከ1993 ጀምሮ ከአካባቢ መስተዳድር ወጥተው በራሳቸው ቦርድ ነው የሚተዳደሩት፣ ቦርዱ ላይ ሰራተኛና ተማሪም ይቀመጣል። ግን በጀት ሰጪው ይጠይቃል፣ የመንግስት የትምህርት ተቆጣጣሪው ኦፍስቴድ ይጠይቃል፣ ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ይጠይቃሉ፣ ያንኑ ዳታ በየፎርሙ ስትሞላ ትውላለህ። በፈረንጅ በ2005 ሰር አንድሪው ፎስተር ለመንግስት ባቀረበው ጥናት ተቆጣጣሪው በዝቷል፣ ኮሌጆቹ ቀስ በቀስ ራሳቸውን ወደ መቆጣጠር ይሂዱ ብሎ መክሮ ነበር። እስከ መጨረሻው አልተሄደበትም እንጂ ትክክል ነበር እላለሁ።

ለምን መሰለህ፣ ኢንስፔክተር ሲመጣ ሁላችንም ምርጥ ምርጡን ነው የምናሳየው። የሙያ ጓደኛህ ከሌላ ኮሌጅ ሲመጣ ግን አንተው ራስህ ነህ "እዚህ ጋ ተማሪ ያቋርጥብኛል፣ እስቲ እይልኝ" የምትለው። እኛ ጋ የማታው ክፍል ሰው እየቀነሰ ሲያስቸግር ከጎረቤት ኮሌጅ አንዲት መምህርት መጥታ ቁጭ ብላ አየች፣ ለካ በንግግር ብቻ እየመዘንን፣ በምንም ቋንቋ ማንበብ ያልተማረች እናትና ዲግሪ ያለው ሰው አንድ ክፍል አስገብተናቸዋል! እሷ ታፍራለች እሱ ይሰለቻል፣ ሁለቱም ይቀራሉ። ምዘናውን ንባብና ጽሁፍ ለብቻ ንግግር ለብቻ አድርገን ከፈልነው፣ ኢንስፔክሽን እስኪመጣ ብንጠብቅ ኖሮ ስንቱ ተማሪ በሄደ ነበር።

ኦፍስቴድ ይቅር ማለቴ አይደለም። በየአመቱ ራሳችንን ገምግመን የምንጽፈውን ሪፖርት ሌላ ሰው ካላየው ራስን ማሞገሻ ነው የሚሆነው፣ በዚህ አልደራደርም።

አንተም የተማሪዎችህ የሲኦሲ፣ ማለት የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቅ፣ የሌላ ኮሌጅ መምህራን ከምዘናው በፊት ወርክሾፓችሁ ገብተው ይዩላችሁ፣ የናንተዎቹም እዛ ሄደው ይዩ። መጀመሪያ የትኛውን የሙያ ክፍል እንደምታስጎበኝ ንገረኝ፣ የብየዳው ከሆነ እዚህ የሚያስተምር ሰው ስለማውቅ በቴሌግራም አገናኛችኋለሁ።

ወንድምህ