የመቅደሱ ሥዕል ሌላ ክረምት እንዳያገኘው፦ ከሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ምእመናን፣ በዚሁ በጎጃም ያላችሁ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ የደብራችን ልጆች ሆይ፤ በኪዳነ ምሕረት ስም ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ የጻፍንላችሁን የጣራውንና የሥዕሉን ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ለማንሣት ተገደናል። መሰልቸታችሁን እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ የቅኔ ማኅሌቱ ጣራ በምዕራብ በኩል ተደርምሶ ወደቀ። ሌሊት በመሆኑና ማኅሌት ባለመቆሙ ሰው አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ሸራ ፈልገን እስክንወጥር ድረስ ሦስት ሌሊት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ዘነበ። የዚህ ደብር ሥዕል ደግሞ ያለው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ወጣቶች ማስረዳት ይገባል። አባቶቻችን ሥዕሉን የሠሩት በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ጨርቁን በጭቃው ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ ለጥፈውታል። እርጥበት ሲገባ ጭቃው ያብጣል፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጨርቁም እንደ ተነፋ አቁማዳ ከግድግዳው ይርቅና በራሱ ክብደት ይቀደዳል። በሰሜኑ ግድግዳ ያለው የበላዔ ሰብእ ሥዕል ዛሬ በዚህ ሁኔታ ላይ ይገኛል። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድውይ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ እንዴት እንዳዳነው ለልጆቻችን የምናሳየው በዚያ ሥዕል ነበር። ዝናቡ ሚዛኑን አጥቦ ወስዶታል። የበላዔ ሰብእ ፊት ቀርቷል፤ ሚዛኑን የያዘው መልአክ ግን ከወገቡ በታች የለም።

አንዳንድ ወንድሞች በቅን ልብ፣ «ጣራውን ሥሩ፤ ለሥዕሉ ሠዓሊ ጠርታችሁ በላዩ ላይ አዲስ አሥሉበት፤ ካልሆነም የታተመ ሥዕል ገዝታችሁ ስቀሉ» ይሉናል። ለዚህ ሐሳብ በችኮላ ሳይሆን በአግባቡ መልስ መስጠት እንፈልጋለን።

የተቀረጸ ምስል አታምልክ ያለው ይኸው ኦሪት ዘጸአት፣ ጥቂት ምዕራፎች ወረድ ብሎ በታቦቱ መክደኛ ላይ ኪሩቤል እንዲሠሩ ያዝዛል። በምዕራፍ 31 ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ የጥበብ መንፈስ የሞላበት ለስብከት ወይም ለጦርነት ሳይሆን በወርቅ፣ በብር፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው። እጅ የሚሠራው ሥራ ከጸሎት የተለየ ነገር ነው የሚል አሳብ ከዚያ መጽሐፍ አይገኝም። ለሥዕል የምናቀርበው የአክብሮት ስግደትም ለባለ ሥዕሉ እንጂ ለቀለሙና ለጨርቁ አለመሆኑን መምህራኖቻችን ዘወትር ያስተምሩናል። ጨርቁን ሳያከብሩ ግን ባለ ሥዕሉን ማክበር እንዴት እንደሚቻል እኛ አልገባንም።

አገራችን አዲስ ሥዕል ጠልታ አታውቅም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የእመቤታችን ክብር በተስፋፋበት ወቅት መነኩሴው ፍሬ ጽዮን ይሥል ነበር፤ ከዚያም ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ እዚህ ቆይቶ ሠርቷል። በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ በመጣ ጊዜም ሠዓልያኖቻችን የራሳቸው አድርገውት ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ (ከተወደደ ልጇ ጋር) ብለን የምንሳለመው የእመቤታችን ሥዕል መልክ ሆነ። ስለዚህ የእኛ ክርክር በአዲስ ሥዕል ላይ አይደለም። የምንቃወመው አሮጌውን በአዲስ መሸፈንን ነው። አዲስ ሥዕል የሚሠራበት ባዶ ግድግዳ አለን፤ በደስታም እንቀበላለን።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ስንል የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን እንጠራለን። ሥዕሉም ለዓይን የተዘረፈ ቅኔ መሆኑን ግን እንዘነጋለን። በእነዚህ ሥዕሎች ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ኃጢአተኛው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ማን ምን እንደ ሆነ በዚህ ብቻ ያውቁ ነበር። የታተመውን የገበያ ሥዕል ተመልከቱት፤ ይሁዳም ጭምር በሁለት ዓይኑ ያያችኋል።

ስለ መተካት ደግሞ ከጎንደር የምንማረው አለ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች በ1932 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የምርምር ቡድን ተነቅለው፣ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ተሠርቶላቸው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ዛሬ ዋናዎቹ የሚገኙት በዚያው ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ያኔም ነገሩ አዲሱን ቅጂ በተቀበሉት ዘንድ ጥሩ ልውውጥ መስሎ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ያበራ ነበርና።

አሁን ስለ ወጪ። ከ9 ዓመት በፊት ጣራውን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ስንለውጥ፣ ገንዘብ አጥሮን በጽድ ፋንታ ባሕር ዛፍ ተጠቀምን፤ እንጨቱን ምስጥ በላው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ያኔ የነበረው ኮሚቴም ከሁለት አባላት በቀር እኛው ነን። ነገር ግን «ከጣራው በፊት ዕቃ ቤት ለምን ሠራችሁ?» ለሚለው ወቀሳ ይቅርታ አንጠይቅም። የብራና መጻሕፍቱ፣ መስቀሎቹና ከበሮዎቹ ዛሬ ደረቅ ሆነው የተገኙት በዚያ ዕቃ ቤት ስለ ነበሩ ነው። ባለሙያ አስመጥተን ሥዕሉን ለማስመርመር ያወጣነውም ገንዘብ ቅንጦት አልነበረም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፤ ያለ ባለሙያ ጥናት ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም። የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ በሰበካ ጉባኤው ቢሮ ተሰንዶ ይገኛል። የፈለገ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል፤ እስካሁን የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው።

ለአዲሱ ጣራ ጽዱና ማገሩ ተገዝቶ ጓሮ ተከምሯል። ከሚያስፈልገው 180 ቆርቆሮ የተገዛው 64 ነው። ሚስማሩ፣ ለኮርኒሱ የሚሆነው ቀርከሃና የአናጺው ዋጋ ቀርቷል። ጣራው ከግንቦት መጨረሻ በፊት መዘጋት አለበት፤ ሥዕሉ የሚጠገነው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነውና፣ ጣራው ከዘገየ ጥገናው አንድ ዓመት ሙሉ ይዘገያል፤ የተወጠረው ሸራም ሌላ ክረምት አይችልም።

እቴጌ ምንትዋብ በጣና በናርጋ ሥላሴ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምተው «እኔም ከሰጠሁ እሣላለሁን?» ብለው ጠይቀዋል። አይሣሉም። የሰጪዎች ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ በቅዳሴም በጸሎት ይታሰባል።

ገንዘብ የምትልኩ በደብሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ እንድትልኩ አጥብቀን እናሳስባለን። የሂሳቡ ቁጥር በደጀ ሰላሙ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና በደረሰኞቹ ጀርባ ታትሟል። በማንም ግለሰብ ስልክ በቴሌብር አትላኩ፤ ጠያቂው የኮሚቴ አባል ነኝ ቢልም አትላኩ። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው።

በዘጸአት ምዕራፍ 36 ሕዝቡ ለድንኳኑ ሥራ ከሚበቃው በላይ ስላመጣ ሙሴ «ከእንግዲህ አታምጡ» ብሎ እንዳስነገረ ተጽፏል። እኛ እንዲህ ያለ ቃል የማስነገር ዕድል እስካሁን አልገጠመንም። ገንዘብ የሌላችሁ ቀርከሃ፣ ሚስማር ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ብትሰጡ በዚያው መዝገብ ይሰፍራል። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ እንጠብቃችኋለን። በድጋሚ፦ በደብሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ