ጥይት የሚባርቀው በዕድል አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሁለት ኦሊምፒኮች በመጨረሻው ጥይት ወርቅ ስላመለጠው አሜሪካዊ ዒላማ ተኳሽ ማቲው ኤመንስ በተነሣ ቁጥር «ዕድለ ቢሱ» ይባላል። አባባሉ ወጣት ተኳሾችን ያሳስታል፤ የሁለቱም ስህተቶቹ ምክንያት ይታወቃልና።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ በ50 ሜትር ጠብመንጃ (ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ) ፍጻሜ በ3 ነጥብ እየመራ፣ የመጨረሻውን ጥይት ከ2ኛ መስመር ሆኖ በጎረቤቱ በ3ኛው ዒላማ ላይ አሳረፈ። ውጤቱ ዜሮ፣ ደረጃውም 8ኛ ሆነ። ሌላ ጊዜ በማነጣጠሪያው መጀመሪያ የዒላማውን ቁጥር ያይና ወደ ጥቁሩ ክብ ይወርድ ነበር፤ ያን ዕለት ራሱን ለማረጋጋት ሲጣጣር ቁጥሩን ዘለለው።

በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በዚያው ውድድር የሆነው ግን የቃታ ጉዳይ ነው። በመጨረሻው ጥይት 6.7 ነጥብ ለወርቅ ይበቃው ነበር። ጠብመንጃውን ከላይ ወደ መሀል እያወረደ ሳለ ጣቱ ቃታውን ነካ፤ 4.4 አግኝቶ 4ኛ ወጣ። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የቃታው ክብደት (ለመተኮስ ጣት የሚያሳርፍበት ግፊት) ቢያንስ 500 ግራም፣ በ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም መሆን አለበት። ለ50 ሜትር ጠብመንጃ ግን ዝቅተኛ ወሰን የለም፤ ብዙዎች ከ100 ግራም በታች ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ቃታ ገና ሲዳሰስ ይተኩሳል።

ስለዚህ አሠልጣኞች ሆይ፣ ለጀማሪ ቃታውን አክብዱለት። ማነጣጠሪያው ጥቁሩ ላይ እስኪያርፍ ጣቱ ከቃታው ከለላ ውጭ ይቆይ። ይህንንም መጀመሪያ ያለ ጥይት ደጋግሞ ይለማመደው። ተኩስ ሲቆም መቀርቀሪያው ተከፍቶ፣ ጥይት መጉረሻው ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው የደኅንነት ክር ይግባ፤ አፈሙዙም ምንጊዜም ወደ ዒላማው ይዙር።

አንድ የዒላማ ተኩስ አሠልጣኝ