ልጄ፣ ሰዓትሽን ጻፊ

ልጄ፣

ወረቀት ሳይኖርሽ ሥራ ስትገቢ ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ጉዳይ ለብቻ ነው፤ የላብሽ ዋጋ ለብቻ ነው። በዝባዥ አሠሪ የሚያተርፈው ሁለቱ ሲደባለቁብሽ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1938ቱ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ወረቀት የሌለውንም ሠራተኛ ይሸፍናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2009 መመሪያም አሠሪው ያልከፈለውን ደመወዝ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበም ሠራተኛው ቢያንስ 3 ወር እንደሠራ ይቆጠርለታል።

ብዝበዛው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ደመወዝ አሟልቶ ይሰጥሻል። ቀጥሎ «የአንድ ሳምንቱ መያዣ ነው» ይላል፤ ከዚያ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሥራው ሲያልቅ። የያዘብሽ ገንዘብ በበዛ ቁጥር ጥለሽ መውጣት ይከብድሻል፤ የሚያስርሽም በዚህ ነው። ለመኝታ፣ ለትራንስፖርት፣ ለዩኒፎርም እያለ ይቆርጥብሻል። ስትጠይቂው «ኢሚግሬሽን ልደውል?» ይልሻል።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። በስልክሽ ብቻ አትተማመኚ፤ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ሁልጊዜ ማታ ሳትተኚ ቀኑን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ የዕረፍቱን ደቂቃ፣ የሥራውን አድራሻ፣ ያዘዘሽን ሰው፣ የተቀበልሽውን ገንዘብ ጻፊ። ሰዓቱን በምትሠሪበት አገር አቆጣጠር አድርጊው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ጠበቃሽንም ግራ ያጋባል። «ማክሰኞ፣ 7:00 ገባሁ፣ 30 ደቂቃ ዕረፍት፣ 18:30 ወጣሁ» ካልሽ 11 ሰዓት ሠርተሻል። በ6 ቀን 66 ይሆናል። የ40 ብቻ ከከፈለሽ በሳምንት 26፣ በ4 ሳምንት 104 ሰዓት ቀርቶብሻል። ወሩ ካለቀ በኋላ ባንድ ጊዜ የተጻፈ ደብተር ግን ያስታውቃል፤ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ቁጥሩም ሁሉ ድፍን ይሆናል። ተከራካሪው መጀመሪያ የሚያጠቃው እሱን ነው።

ቀሪውን ሂሳብ በአፍ ብቻ አትጠይቂ። «የ104 ሰዓት ክፍያ ይቀረኛል፣ መቼ ይሰጠኛል?» ብለሽ በጽሑፍ ላኪለት። «በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ከመለሰ ዕዳውን አመነ ማለት ነው፤ መልሱን ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። «ሙሉ ተከፍሎኛል» በሚል ወረቀት ላይ ገንዘቡን ቆጥረሽ ሳትይዢ አትፈርሚ፤ ባዶ ወረቀት ላይማ ፈጽሞ። አሠሪሽ ሲከሰስ «እኔ አይደለሁም የቀጠርኩሽ» ሊል ስለሚችል የመኪናውን ሰሌዳ፣ የሥራ ቦታውን ምልክት፣ አብረውሽ የሚሠሩትን ስም መዝግቢ።

ከተጎዳሽ በዚያው ቀን ታከሚ፤ ለሐኪሙም ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ነግረሽ አስመዝግቢ። ቀናት ካለፉ «ቤቷ ነው የወደቀችው» ይባላል።

አቤቱታ ስታስቢ መጀመሪያ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር አማክሪ። የሥራ ጉዳይ ቢሮው መረጃ ለኢሚግሬሽን ያሳልፍ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ይህ ከአገር አገር ይለያያል። አትዘግዪ፤ በአሜሪካው ሕግ የመክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ሆን ተብሎ የተጣሰ ከሆነ 3።

ፓስፖርትሽን «ላስቀምጥልሽ» ለሚል አሠሪ አትስጪ። የዓለም ሥራ ድርጅት የሠራተኛን መታወቂያ ወስዶ መያዝን ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች ይቆጥረዋል። ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።