ሙሉውን ድርሰት አስነብቡን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ተዋንያን በቃለ መጠይቅ ላይ «ሥራ የምመርጠው ታሪኩንና ገጸ ባሕርይውን አይቼ ነው» ሲሉ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። እኔም ተዋናይት ነኝ። እንዲህ ብዬ መመለስ ብችል ደስ ይለኛል። ግን ያላነበብኩትን እንዴት ልምረጥ?

ስልክ ይደወላል። «የሦስት ቀን ቀረጻ ነው፣ ይመችሻል?» ቀጥሎ የሚነሳው ክፍያ ነው። ድርሰቱን ላኩልኝ ስል በቴሌግራም አራት ገጽ ይመጣል፤ እኔ ያለሁባቸው ትዕይንቶች ብቻ። ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ፣ መጨረሻውስ ምንድን ነው፣ አላውቅም።

ብዙ ጊዜ የምጠራው ለቤት ሠራተኛ ነው። እናቴ ሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ፤ በዚህ ሚና አፍሬ አላውቅም። የሚያሳዝነኝ የተጻፈችው ሴት ምንም የምትፈልገው ነገር አለመኖሩ ነው። በር ትከፍታለች፣ ቡና ታቀርባለች፣ ትሰደባለች፣ ትወጣለች። ከየት መጣች? ደመወዟን ለማን ትልካለች? እናቴ እኮ በየቀኑ የምትፈልገው ነገር ነበራት፤ ደብተር፣ የቤት ኪራይ፣ አንድ ቀን እረፍት።

አንድ ጊዜ የአክስት ሚና ተሰጠኝ። የእህቷን ልጅ ወደ ዓረብ አገር ስትሸኝ ታለቅሳለች። እኔም ከልቤ አለቀስኩ። ፊልሙ ሲመረቅ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ለካ ልጅቷን ለደላላ አሳልፌ የሰጠኋት እኔው ነኝ! በድንጋጤ ክው አልኩ። ባውቅ ኖሮ ሌላ ለቅሶ ነበር የማለቅሰው። ዓይኗን ማየት ይከብደኝ ነበር። ሻንጣዋን ለመያዝ እቸኩል ነበር። ተመልካቹ ያየው ግን ንጹሕ አክስት ነው፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ተሰበረ።

ቴአትር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጥናት የሚጀመረው በንባብ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ተዋናይ እንኳ ከሁሉም ጋር ተቀምጦ ሙሉውን ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጉዱ ካሣና ፊታውራሪ መሸሻ ድምፃቸው ለየቅል ነበር። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ነበራ! በ2006 ዓ.ም. ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ባገኘው «ድፍረት» ፊልም ላይ ሜሮን ጌትነት የተጫወተችው በሕይወት ያሉትን የሕግ ባለሙያ መዓዛ አሸናፊን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአራት ገጽ የሚያዝ አይመስለኝም።

ፕሮዲውሰሮች ታሪኩ እንዳይወጣባቸው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ቢሯችሁ መጥቼ፣ ስልኬን አስረክቤ፣ አንብቤ ልሂድ። ሚስጥር እንድጠብቅ አስፈርሙኝ። ተከታታይ ድራማ ከሆነና ገና እየተጻፈ ከሆነ ደግሞ ደራሲው ግማሽ ሰዓት ይስጠኝና ይህች ሴት ወዴት እንደምትሄድ ይንገረኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ገንዘቡ መነጋገር ያለብን።

እናንተም ተዋናይ ስታነጋግሩ «ሥራውን ለምን መረጥሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ድርሰቱን እስከ መጨረሻው አስነብበውሻል?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱንም ሳትቆርጡ አትሙት።

ሰሞኑን ለአንድ ቀረጻ ተጠርቻለሁ። አሁንም የቤት ሠራተኛ ናት። ሙሉውን ድርሰት ላኩልኝ ብያለሁ፤ እስካሁን አልደረሰኝም።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ